አልቋል የተባለው ውሃ

አንድ ብስክሌተኛ ነበረ። ቁጭ በል እንጂ፣ ይማም! ወዲያ ወዲህ እያልክ ራሴን አታዙረው። እጅህንም ከጃኬትህ ውስጥ አውጣ፣ ብርድ የለም። ውድድሩ እስኪጀመር ገና ጊዜ አለ፤ ብስክሌትህንም እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፤ ፍሬኑም ካቴናውም ደህና ነው። ደህና ያልሆንከው አንተ ነህ። «አበረታች መድኃኒቱን ሁሉም ይወስዳል፣ ምርመራውም አይይዘኝም፤ ታዲያ ብወስድ ማንን በደልኩ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ስንቱን ሳሠለጥን ኖሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ የወሰዱትም ሳይጠይቁኝ ነው የወሰዱት። አንተ ከጠየቅህ ዘንድ መልስ ይገባሃል።

አንድ ብስክሌተኛ ነበረ አልኩህ። ጎበዝ ነበር፤ ዳገት ሲወጣ ማየት ያስደስታል። ግን ሁልጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው የሚወጣው። ሁለተኛ መውጣት እንዴት እንደሚያንገበግብ ለአንተ አልነግርህም። ሰው «ጎሽ» ሲለው የሰደቡት ያህል ይሰማው ጀመር። ታዲያ አንድ ቀን አንድ ነጋዴ መጣና ትንሽ የዱቄት እሽግ አስጨበጠው። «ይህ አዲስ ነው፤ መርማሪዎቹ ገና ስሙን እንኳ አያውቁትም። ውሃህ ውስጥ በጥብጥና ዳገቱ ሥር ስትደርስ ጠጣው። ልቡ የደከመ ሰው ብቻ እንዳይነካው» አለው። እሱም ልክ እንዳንተ «ሁሉም ይወስድ የለ እንዴ!» ብሎ ተቀበለው። ሁሉም ማነው? እስቲ ስም ጥራልኝ!

ይህ ሰው ታዲያ አንድ ውሃ አመላላሽ ነበረው። ያው እንደኛ ቡድን ነው፤ አንዱ ለማሸነፍ ይጋልባል፣ ሌላው እሱን ለማድረስ ይጋልባል። ውሃ አመላላሹ ቀኑን ሙሉ ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን ይቀበልለታል። ውሃ ሲያልቅ ወደ ኋላ ወደ ቡድኑ መኪና ይመለስና ኮዳዎቹን ጀርባው ላይ ሸጉጦ፣ እየተንጠራወዘ እንደገና ይደርስበታል። ከራስ በላይ ነፋስ ይሉ የለ? ለዚያ ሰው ግን ከራሱ በላይ ጓደኛው ነበር። በዕድሜም ይበልጠዋል፤ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ጓደኛው መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ከሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ ነው።

ዱቄቱ ከመጣ ወዲህ ብስክሌተኛው ዕረፍት አጣ። መርማሪዎች ሳይናገሩ ስለሚመጡ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ዘሎ ይነሳል፤ ለሻይ ሊጠራው የመጣው ሁሉ መርማሪ ይመስለዋል። ምግብ ሲቀርብ ኮዳውን ብብቱ ሥር ይወሽቃል። ሌላ ሰው እንዲያጥብለት አይፈቅድም። ሲጠይቁት አንዴ «ሆዴን እያመመኝ ነው» ይላል፣ አንዴ «ቫይታሚን ነው» ይላል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል አይደል የሚባለው? ውሃ አመላላሹም «ወንድሜ፣ ኮዳዋን አገባሃት እንዴ? ሠርጉን ሳትጠራን!» እያለ ይቀልድበት ነበር። ቡድኑ ሲስቅ እሱ መሳቅ አቃተው።

የትልቁ ውድድር ቀን ደረሰ። አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ፣ አንተም እንደምታደርገው፣ ሁሉም ብስክሌቱን ለማቅለል አንድ ኮዳ ብቻ እያስቀረ ትርፉን ይጥላል። እሱ ሁለት ኮዳ ነበረው። አንዱ ውሃ አመላላሹ ገና ከመኪናው ያመጣለት ንጹህ ውሃ ነው። ሌላው ዱቄቱ የተበጠበጠበት ነው። ከዱቄቱ ጠጣና ንጹሁን ወረወረው፤ ከዱቄቱ የተረፈውን ለመጨረሻው መንገድ ብሎ አስቀረ። ውሃ አመላላሹ ለራሱ ምንም አልያዘም፤ የመጨረሻውን ለእሱ ነበር የሰጠው።

ዳገቱን ሲያጋምሱ የውሃ አመላላሹ ምላስ ከላንቃው ተጣበቀ። ከንፈሩ ነጣ፤ ብስክሌቱ መንገዱ ላይ ከዳር ዳር ይወላገድ ጀመር። እንደምንም ከጓደኛው ጎን ደረሰና «ወንድሜ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ። አጥወለወለኝ» አለው።

ዳገት ላይ ውሃ አይከለከልም፤ ይህን የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ ያውቃል። ተቀናቃኝህ እንኳ ቢጠይቅህ ታቀብለዋለህ፣ ነገ አንተ ትጠይቃለህና። እንኳን ነፋስ ሲቀበልልህ የዋለው ሰው! የብስክሌተኛው እጅ ኮዳው ላይ ደረቀ። ቢሰጠው ምሬቱን ይቀምሳል፤ እንደ ኮሶ የሚመር ነገር ነው። ቀምሶ ዝም ቢልስ? ነጋዴው ልቡ የደከመ እንዳይነካው ብሏል፤ ይህ ሰው ደግሞ ሊወድቅ ደርሷል። ቢከለክለውስ ምን ብሎ ይከለክለዋል? ጭንቅ ያዘው። ድንገት ኮዳውን መዘዘና ክዳኑን ከፍቶ፣ ዘቅዝቆ አስፋልቱ ላይ ደፋው። ከዚያ «አልቋል» አለ።

አልቋል! ወላሂ እንዲህ ነው ያለው። ውሃው እኮ ገና በጓደኛው ጎማ ሥር እየፈሰሰ ነበር።

ውሃ አመላላሹ እርጥቡን አስፋልት አየ፤ ቀጥሎ የጓደኛውን ፊት አየ። አልተሳደበም። ፔዳሉን መርገጥ አቆመና መንገዱ ዳር ሄዶ ተቀመጠ። ውሃ የሰጠው ከኋላ የመጣ የሌላ ቡድን ሰው ነው፣ ያውም ከብስክሌቱ ወርዶ።

ብስክሌተኛውስ? ልቡ ቆሞ ገደል ገባ እንድልህ ጠብቀህ ነበር፤ አልገባም። አሸነፈ። መርማሪዎቹ ጠሩትና ሽንቱን ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በመጨረሻ «ንጹህ ነው» ተባለ፤ ነጋዴው እውነቱን ነበር። ያን ጊዜ እየሮጠ ወደ ውሃ አመላላሹ ቤት ሄደ። ሰውየው ደጅ ቁጭ ብሎ ጎማ ይለጥፋል።

«ሰማህ ወይ? መርምረውኝ ንጹህ ነኝ!» አለው።

ሰውየው ቀና ሳይል፣ «ሰምቻለሁ። እነሱ ሽንትህን አይተዋል፣ እኔ ደግሞ ውሃህን አይቻለሁ» አለው።

ለማንም አልተናገረበትም። ከዚያ ወዲያ ግን ውሃ አላመጣለትም። ለብስክሌተኛው ሌላ ሰው ተመደበለት፤ ደህና ሰው ነበር አሉ። ብቻ ዳገት ላይ ከኋላው ድምፅ በሰማ ቁጥር «ወንድሜ» የተባለ እየመሰለው ይበረግጋል፣ ይዞራል። እየዞረ የሚያይ ሰው ደግሞ ዳገት አያሸንፍም፤ ያንን እያስተማርኩህ ነው ያደግኸው።

እንግዲህ ይማም፣ ያ ብስክሌተኛ አንተ ነህ። ገና አልሆንክም፤ ልትሆን ግን በሩ ላይ ቆመሃል። ማንን በደልኩ ብለህ ጠየቅኸኝ። መርማሪ ሊይዝህም ላይዝህም ይችላል፤ እሱን ተወው። አንተ ለወንድምህ ማቀበል የማትችለውን ነገር ስትጠጣ፣ የበደልከው ጠምቶት ከጎንህ የሚመጣውን ሰው ነው። እስቲ እዚያ ውሃ አመላላሽህን እንድሪስን ተመልከተው። ኮዳ እየሞላልህ ነው፣ ለራሱ አንድ እንኳ አላስቀረም። ዛሬ ሐረጎ ዳገት ላይ ይጠማዋል። ሁልጊዜም እዚያው ላይ ነው የሚጠማው፣ ታውቀዋለህ። አሳዝነኸኛልም፣ አናድደኸኛልም፤ ከዚህ በላይ ግን አልሰብክህም።

ብቻ አንድ ነገር። ከመጣህ ጀምሮ ጃኬትህ ሥር የያዝከውን ኮዳ አይቼዋለሁ፤ አውጣ ብልህም እጅህን አላወጣህም። እኔም ብዙ አውርቼ ጉሮሮዬ ደርቋል። በል እንግዲህ፣ አንድ ጉንጭ አጠጣኝ።