ያለ ጥፋቱ የተፈረደበት ስፒከር

አንድ ጊዜ በጫካው ውስጥ ሙሽራ የሚያጅብ መኪና የነበረው አህያ ብቻ ነበር። በመኪናው ቀኝና ግራ በር ላይ ሁለት ስፒከሮች ተገጥመዋል። አህያ የራሱን ድምፅ ማንም እንደማይወድለት ስለሚያውቅ፣ በእሱ ፈንታ የሚዘፍኑለትን እነዚህን ስፒከሮች ጠዋት ጠዋት በጅራቱ እየጠረገ ያመሰግናቸው ነበር።

የፍየል ልጅ ልትዳር አንድ ቀን ሲቀራት የቀኙ ስፒከር ይንኮሻኮሽ፣ ይቆራረጥ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ይል ጀመር። አህያ ተጨንቆ ጋራዥ ወደ ከፈተው ወደ ጅብ ሄደ።

ጅብ የስፒከሩን ቆዳ አየና ምራቁን ዋጠ። «ይሄ ሞቷል» አለ። «ፍታና ለእኔ ስጠኝ፤ እኔ እቀብረዋለሁ።»

«አያ ጅቦ፣ ስንት ሠርግ ያደመቀልኝን እንዴት አውጥቼ እጥላለሁ?»

«የሞተ አይመለስም። ይልቅ ቶሎ በል።»

አህያ እንባ አቅርሮ በካቻቢቴ ብሎኑን መፍታት ሲጀምር፣ እመት ቀበሮ በዚያ ስታልፍ አየችው።

«ቆይ እስኪ» አለች። «የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዙራቸው። መንኮሻኮሹ ስፒከሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው። እዚያው ቀኝ በር ላይ ከቀረ ግን ሌላ ጥፋተኛ ፈልግ።»

አዟዙረው ቴፑን ከፈቱት። ሞቷል የተባለው ስፒከር በግራ በር ሆኖ ጥርት አድርጎ ዘፈነ፤ ደህናው ግን ቀኝ በር ላይ ሲገጠም ተንኮሻኮሸ። አህያ ደስ ብሎት ጆሮዎቹን አቆመ። ቀበሮ የቀኙን በር ሽቦ ስባ ብታወጣው የላስቲክ ልባሱ ተግጧል፤ የጥርስ ምልክትም አለበት።

ቀበሮ ጅብን በጎሪጥ እያየች «መቼም ይህን ላስቲክ የበላ ሳምንት አይቆይም» አለች። «መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ ግን በሽተኛው ሳይታወቅ ለማን እነግረዋለሁ?»

ጅብ ሆዱን ያዘ። «ለእኔ ንገሪኝ፣ እመት ቀበሮ። ባለፈው ሠርግ በዚያ በር በኩል ተቀምጬ ስሄድ ጅማት መስሎኝ ነው።»

«እንግዲያው ጋራውን ሰባት ጊዜ በሩጫ ዙር፤ ላብህ ያወጣዋል።»

ጅብ ነገር ሳያበዛ እግሬ አውጪኝ አለ። አህያም ሽቦውን በናስትሮ ጠቀለለው።

በማግስቱ ሁለቱም ስፒከሮች ሠርጉን አደመቁት። አህያ ቀበሮን ጋቢና አስቀምጦ፣ «ዕድሜ ይስጥሽ» አላት፤ «አንቺ ባትደርሺ ባለውለታዬን በገዛ እጄ ለጅብ አጉርሼው ነበር።»

ከዚህ የምንማረው ውለታ የዋለልንን ከመጣላችን በፊት ጥፋቱ የእርሱ መሆን አለመሆኑን መመርመር እንዳለብን፣ መርምሮ እውነቱን ላሳየን ወዳጅም ምስጋና መንፈግ እንደሌለብን ነው።