የአንድ በሬ ዋጋ

ዝናቡ ቀድሞ በገባበት በአንድ ወቅት፣ ስመኝ የምትባል ገበሬን ሆዷን ቆርጦ ያዛት። ባሏ ላቀው የጤና መድን መዋጮ በተጠየቀ ቁጥር «እኛ ቤት በሽታ የለም» እያለ ገንዘቡን ለማዳበሪያ የሚያውል ሰው ነበር። ታላቅ እህቷ እናኑ ግን በየዓመቱ ታዋጣለች። የእናኑ ባል የስኳር በሽታ ስላለበት መርፌውን የሚያገኘው በመድን ካርዱ ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ «ትርፍ አንጀት ነው፤ ቶሎ ካልወጣ ይፈነዳል። ክፍያውን ጨርሱና ቀዶ ጥገና ትገባለች» አለ። ላቀው በሬውን ሊሸጥ ወደ ገበያ ሮጠ። እናኑ እስኪመለስ አልጠበቀችም። መልካቸው ስለሚመሳሰል በራሷ ካርድ አስመዘገበቻት። ስመኝ በእህቷ ስም ገብታ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት፤ ዳነችም።

ልትወጣ ስትል ነርሷ «እናኑ!» ብላ ተጣራች። «አቤት» ያለችው በሽተኛዋ ሳትሆን አስታማሚዋ ሆነች። ነገሩ ታወቀ፤ ካርዱም ለዓመት ታገደ።

ላቀው የበሬውን ዋጋ ይዞ አልጋው አጠገብ ቆመ። ገንዘቡ ከሚጠይቁት ሰዎች ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ነው።

የመድኑ ሠራተኛ አቶ ይበልጣል መጡ። «ያሳከመሽ የገበሬው መዋጮ ነው። ሳታዋጪ የወሰድሽውን ለአባላቱ መልሺ» አሉ።

የሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ ወይዘሮ ፀዳለ ተከተሉ። «መድኑ የከፈለን የአባል ዋጋ ነው። ካርድ የሌለው እጥፍ ይከፍላል። እዚያ የተኛችው ሴት ጥጃዋን ሸጣ ሙሉውን ከፍላለች። ላንቺ ቀሪውን ብተውልሽ፣ ለእሷ ምን ልበላት?»

እናኑ መጨረሻ ላይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። «እህቴ፣ ካርዱን ያጣሁት ባንቺ ነው። ሰውዬው መርፌውን በምን ገዝቶ ይክረም?»

ስመኝ ጣሪያውን ታያለች። ስፌቱ አያማትም፣ ሐፍረትም አይሰማትም። የሦስቱም ቃል እውነት መስሎ ይሰማታል፤ ልቧ ግን ወደ ማንም አያደላም። መዳኗ እንኳ የሌላ ሰው ወሬ ሆኖባታል።

«አንቺ ወስኚ» አለና ላቀው ገንዘቡን እጇ ላይ አስቀመጠው።

ጣቶቿ ሳይጨብጡት ተዘርግተው ቀሩ። ሦስቱም ዓይናቸውን እጇ ላይ ተከሉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ገንዘቡ የሚገባው ለማን ነው?