የጋሽ ሽብሩ መወጠሪያ

በአንድ ወቅት፣ የባቡሩ ፉጨት ድሬዳዋን ከእንቅልፏ ይቀሰቅስ በነበረበት ዘመን፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የቴኒስ ክበብ አጠገብ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ራኬት ወጣሪ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ለተመልካች ቀላል ነው፤ የተበጠሰውን ክር አውጥቶ አዲስ ክር መወጠር። ነገር ግን የራኬት ክር እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ነው፤ ሲያዩት ይጠብቃል፣ ዞር ሲሉ ይላላል። አንዱ ክር ከጎረቤቱ ከላላ ደግሞ ኳሷ የታዘዘችበትን ትታ ያሻት ትሄዳለች። ጋሽ ሽብሩ የወጠሩት ራኬት ግን ዛሬም ያው፣ ለከርሞም ያው ነበር። ሁለት ራኬት የሰጣቸው ሰው ሲመልሱለት የትኛው የትኛው እንደሆነ እስኪጠፋው ድረስ እኩል ይሆኑለታል።

መወጠሪያውን ከባቡር ጋራዥ በተጣለ ብረት ራሳቸው ናቸው ሠርተው በረንዳቸው ላይ የተከሉት። ራኬቱ የሚታሰርበት ጠረጴዛ አለው፤ ከጠረጴዛው ጎን ረጅም ክንድ ወጥቷል፤ ክንዱ ላይ ከሐዲድ የተቆረጠ ከባድ ብረት ተንጠልጥሏል። ክሩ ከክንዱ ጋር ይያያዝና ክንዱ ይለቀቃል። ብረቱ ቁልቁል ሲስብ ክሩ ይወጠራል፤ ክንዱ ጋደም ብሎ ሲቆም ክሩ በመቆንጠጫ ይያዛል። ብረቱ ወደ ክንዱ ጫፍ ከሸሸ ክሩ ይከርራል፣ ወደ ውስጥ ከቀረበ ይላላል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው ብረቱ የሚቀመጥባት ቦታ ላይ ነው። ጋሽ ሽብሩ በየማለዳው ክንዱን በዘይት ጨርቅ ሲወለውሉ ብረቱን ገፋ ያደርጉታል፤ ሲጨርሱ ሳያዩ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ምልክት አላደረጉባትም። የገዛ ቤቱን ለማግኘት ምልክት የሚያደርግ ማን አለ?

እናታቸው ያረፈችባቸው ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ይፍሩ መካኒክ ነው፤ እጁ ፈትቶ መልሶ ያልገጠመው ነገር የለም። መካከለኛዋ ዘነበች ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፤ ከመዘምራኑ መካከል አንዱ ዜማ ቢስት ጆሮዋ ለይቶ ያወጣዋል። ትንሹ ፍሬው የክበቡ ተጫዋች ነው፤ ኳስ አንዴ ሲመታ ክንዱ የራኬቱን ጠባይ ይነግረዋል። አባት ሦስቱንም በየተራ ጠርተዋል።

«ይፍሩ፣ ና እስቲ፣ ይቺን ነገር ላሳይህ።»

«እሺ አባዬ፣ ይህን መኪና ላስረክብና።»

«ዘኔ፣ ነይ ክሩን ነካ ነካ አድርጊልኝ፤ ጆሮዬ ሳይከዳኝ አልቀረም።»

«እሺ አባዬ፣ በዓሉ ይለፍና።»

መኪናው ይሄድና ሌላ መኪና ይመጣል፤ በዓሉ ያልፍና ሌላ በዓል ይደርሳል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለውን ተረት ሦስቱም ያውቁታል፤ ለሌላ ሰው የተተረተ መስሏቸው ነው።

ፍሬው ደግሞ የባሰ አደረገ። ለውድድር አዲስ አበባ በሄደበት ራኬቱን በኤሌክትሪክ ለሚወጥር ሰው ሰጠ። ሲመለስ አባቱ አዩት። ክሩን በጣታቸው ነካ አድርገው «ጥሩ ነው» አሉ። በነጋታው ፍሬው ራኬቱን ሲያነሳ ክሩ ሌላ ነው። አባቱ ያንን አውጥተው ጥለው በራሳቸው እጅ ወጥረውታል። ሊያመሰግን አፈረ፣ ይቅርታ ሊጠይቅም አፈረ፤ ነገ እለዋለሁ አለ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ሽብሩ በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቀጥ አለች።

ታዲያ ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛ መጣ። የድሬዳዋ ነፋስ ሐዘን አያውቅምና ከሰዓት በኋላ አቧራውን ይዞ ተነሳ፤ ድንኳኑ ከነተራዳው ሊበር ደረሰ። ይፍሩ ገመዱን የሚያስርበት ከባድ ነገር ፍለጋ ሲሮጥ ዓይኑ በመወጠሪያው ብረት ላይ አረፈ። ብረቱን ከክንዱ አወጣ፣ መሬት ላይ ጣለ፣ ገመዱን ጠመጠመበት። ድንኳኑ ጸና። ሽማግሌዎቹ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ተባባሉ፤ ይፍሩም በልቡ ደስ አለው።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሲነሳ ብረቱን ተሸክሞ ወደ ክንዱ ተመለሰ። እዚያው ደርቆ ቀረ። የት ጋ ነበር? ክንዱ ከዳር እስከ ዳር ያብለጨልጫል፤ ጭረት እንኳን የለበትም። ብረቱን ወዲህ አደረገው፣ ወዲያ አደረገው። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቋትን ቦታ እሱ ድንኳን ለማሰር ብሎ አጥፍቷታል። ለቅሶው ላይ እምቢ ያለው እንባ ያን ጊዜ ወረደለት።

በዚያው ቀን የክበቡ ሰብሳቢ እትዬ አስካለ መጡ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በጋሽ ሽብሩ ክር የተጫወቱ፣ ጉልበታቸው እንጂ ምላሳቸው ያላረጀ ሴት ናቸው።

«ሽብሩ አደራ ሰጥቶኛል» አሉ። «‹መወጠሪያዬን ሁለት ራኬት እኩል አድርጎ ለሚወጥር ልጄ ስጪልኝ፤ ለሦስት ግን እንዳትከፍይው› ብሎኛል። ክር እጅ ሲለዋወጥበት እኩል አይሆንም፤ የአንዱ እጅ ይቸኩላል፣ የሌላው ይዘገያል። እስከ አርባው ጊዜ አላችሁ። ያኔ አንድ ስም ለክበቡ ካልሰጠሁ የኤሌክትሪኩ ይገዛል፣ ይሄም ለቆራሌው ይሸጣል።»

ቆራሌው የሚለው ቃል ሦስቱንም እኩል ወጋቸው።

በመጀመሪያ ይፍሩ ተነሳ። አሮጌ ራኬት ለምኖ አመጣና ብረቱን በግምት አስቀምጦ ወጠረ። ራኬቱ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ሌላ አመጣ፤ ያም ተሰነጠቀ። ክር የሚወጠርበት ቅደም ተከተል እንዳለው ገባው፤ ቅደም ተከተሉን የሚያሳይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረው። እሱም ፍሬው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዳግመኛ ያልነካው፣ አባታቸው የወጠሩት የመጨረሻ ራኬት ነው።

«ይቺን ተዋት ወንድሜ» አለች ዘነበች። «እጁ እኮ ነው ያለባት።»

«እጁን ለማየት ብዬ ነው።»

ቋጠሮውን ቆረጠ። የተወጠረ ክር ሲቆረጥ ይጮኻል፤ ዘነበች ጆሮዋን ይዛ ከበረንዳው ወረደች። ይፍሩ ከመጨረሻው ክር ጀምሮ ወደ መጀመሪያው አንድ በአንድ ፈታ። አባቱ ከመሐል እንደሚጀምሩ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እንደሚሄዱ፣ መቆንጠጫቸው ክሩን የቱ ጋ እንደነከሰው አየ። ሲጨርስ ቅደም ተከተሉን አወቀ፤ እፊቱ ያለው ግን ባዶ ራኬትና የተጠቀለለ ክር ነው። መልሶ ቢወጥረው የእሱ ሥራ እንጂ የአባቱ አይሆንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያሉት ጎረቤቶች አልዋሹም። ከዚያ ወዲህ ግን በእጁ የተጣመመ ራኬት የለም።

ቀጥሎ ዘነበች ተነሳች። አባቷ ያንን ራኬት ወጥረው የጨረሱ ዕለት ክሩን በጣታቸው መትተው «ዘኔ፣ እንዴት ነው?» ብለዋት ነበር። እሷም ለልምምድ ስትጣደፍ «ጥሩ ነው አባዬ» ብላ ሳትቆም አለፈች። እግሯ አለፈ እንጂ ጆሮዋ ድምፁን ይዞት ቀርቷል። ያቺ ድምፅ አሁን ከእሷ ራስ በቀር የትም የለችም፤ ይህን ስታስበው እንቅልፍ ይነሳታል። ያቺ ድምፅ እንዳትደባለቅባት ፈርታ ዜማውን ተወች፤ ስትጠብቀው የኖረችውን የዓመቱን በዓል መዝሙር ሳትዘምር ቀረች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ይፍሩ ሲወጥር ታዳምጣለች።

«ወርዷል።»

ብረቱን ገፋ ያደርገዋል፣ ፈትቶ ይወጥራል።

«አሁን ደግሞ ጮኸ።»

«አቦ፣ የአንቺን ጆሮ ለጠላት አይስጥ!»

አንድ ቀን ክሩን ነካች። ይፍሩ ቀና ብሎ ሲያያት ታለቅሳለች። ቦታዋ ተገኘች፤ ይፍሩ በሚስማር ጫረባት። እህቱ አባታቸውን የሰማችው በመጨረሻ አሁን መሆኑን አሰበ።

ቦታዋ ከተገኘች በኋላም ሁለት ራኬት እኩል አልሆነም። መወጠሪያው ላይ እያለ አንድ ዓይነት ይጮኻል፤ ሜዳ ወርዶ ኳስ ሲመታ አንደኛው ይላላል። ይህን ያገኘው ፍሬው ነው። ከለቅሶው ጀምሮ አንገቱን ደፍቶ የከረመ ልጅ፣ ክበቡ ለአገር አቀፉ ውድድር ሲጠራው አልሄድም ብሎ ቀረና ወንድሙ የወጠረውን ራኬት ሁሉ ይመታበት ጀመር። በጣም የከረረው ክርኑን ይነዝረዋል፣ የላላው ትከሻውን ይጎትተዋል። ክንዱ አበጠ። ወጌሻዋ አሽታው «ዕረፍ፣ አለዚያ ትከስራለህ» ብትለውም አላረፈም።

«ይሄኛውን ስትወጥር ቸኩለሃል» ይለዋል ይፍሩን።

«በምን አወቅህ?»

«ሦስት ኳስ ከመታሁ በኋላ ሌላ ራኬት ይሆንብኛል።»

ይፍሩ እንዴት አድርጎ መቸኮሉን እንደሚተው አላወቀም። አንዴ ይቆያል፣ አንዴ ይጣደፋል፤ የመወጠሪያውን ክንድ ለቅቆ ክሩን እስኪቆነጥጥ ድረስ ስንት መጠበቅ እንዳለበት የሚነግረው የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ፍሬው ያበጠ ክንዱን ታቅፎ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ በድንገት ቀና አለ።

«አባዬ እኮ በየክሩ አቡነ ዘበሰማያት ይደግም ነበር» አለ። «እኔ ‹ደግሞ ጸሎቱን ጀመረ› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

ይፍሩ ወደ መወጠሪያው ዞረ። ክንዱን ለቀቀ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገመ፣ ክሩን ቆነጠጠ። ቀጣዩንም እንዲሁ። ክሩ መላላቱን እዚያው ጨርሶ ነው የሚያዘው። ጸሎት ይሁን መለኪያ፣ ወይም ሁለቱም፣ ይህን የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ አሁን አይጠየቁም። ፍሬው ሁለቱን ራኬቶች ይዞ ወረደና አመሻሽ ላይ ሲመለስ «እኩል ናቸው» አለ። በማግሥቱ ክንዱ አልታጠፍ አለው፤ እንደ ድሮው ኳስ የሚመታበት ቀን እንደማይመለስ ወጌሻዋም ሐኪሙም አንድ አፍ ሆነው ነገሩት።

አርባው ደረሰ። ከፍትሐቱ በኋላ ዘመድና የክበቡ ሰው ከተቀመጠበት እትዬ አስካለ ሁለቱን ራኬቶች አንስተው ሜዳ ገቡ። በአንደኛው መቱ፣ በሌላኛው መቱ፣ ከኋላቸው ደብቀው አቀያየሯቸውና ደግመው መቱ። ቆም አሉ። ክሩን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ሽብሩ ነው» አሉ። «ታዲያ የወጠረው የትኛችሁ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ይፍሩ። «ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ መጨረሻው የእኔ እጅ ነው። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትን ልካስ።»

«ቦታዋን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለች ዘነበች። «ያለኔ ያ ብረት የድንኳን ማሰሪያ ነበር። እሱ ከቆረጠው ወዲህ የአባዬ ክር ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።»

«ሁለታችሁም እኩል ነው ብላችሁ ቆማችሁ ነበር» አለ ፍሬው። «እንዳይላላ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እናንተ ነገ ሥራ አላችሁ፣ ማኅበር አላችሁ። እኔ ክንዴን ሰጥቼበታለሁ።»

ከተቀመጡት አንዱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው፤ ሦስቱም ይያዙት» አለ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንጂ ራኬት አይወጥርም» አሉ እትዬ አስካለ። «ለሦስት እንዳትከፍይው ብሎኛል፤ የሙት ቃል ነው።»

ይፍሩ ወንድሙንና እህቱን አያቸው። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ከሦስቱ አንዳቸውም ይህን መወጠሪያ ፈልገውት አያውቁም። ዛሬ ግን ተወው ቢባል የሚተወው የለም፤ እሱም አይተወውም። እጁን የሰጠው እሱ፣ ጆሮዋን የሰጠችው እሷ፣ ክንዱን ያጣው ያ። ለሌላው ልልቀቅ ብሎ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣለትም። በዚህ ራሱን ጠላ።

እትዬ አስካለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። አንዱ በይፍሩ እጅ ማሉ፤ ሌላው ያለ ዘነበች ጆሮ እጅ ምን ያደርጋል አሉ፤ ሦስተኛው ዋጋ የከፈለው ፍሬው ነው ብለው ተነሱ። ሰውም ተከፈለና ተጯጯኸ። ከክበቡ የተላከው ጸሐፊ አጥሩ ሥር ቆሞ አንዲት ስም ይጠብቃል፤ ፀሐይዋም ልትጠልቅ ነው።

ነገሩን ያወሩት ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ እንጂ አይጨርሱትም። እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ሰጥቻለሁ። በእትዬ አስካለ ቦታ ብትሆኑ መወጠሪያው የሚገባው ለማን ነው? የቀሩትን ሁለቱንስ ምን ብላችሁ ከዚያ በረንዳ ታስወርዷቸዋላችሁ?