ቦረቦሩን በቅንጭብ ያጠረ ገበሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ መሬቱን ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር የሚበላበት» አሉ እማማ ደብሪቱ።

ይህን ያሉት ትርንጎ ለጠየቀቻቸው ጥያቄ ነው። ትርንጎ አራስ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ስም የሌለው ሐዘን ተጭኗት የከረመች ሴት ናት። ጎህ ሲቀድ ትፈራለች። የገዛ ልጇ ለቅሶ ከሩቅ ቤት የሚመጣ ይመስላታል። ሐኪም መድኃኒት ሰጣት፣ እህቷም እየመጣች አብራት ትውል ነበር፤ ቀስ በቀስ ቀና አለች። ደህና ሆንኩ ብላ ሳትጨርስ ግን ያው ነገር ተመልሶ ተጫናት። ያን ጊዜ እህቷን «ከእንግዲህ አትምጪብኝ» አለቻት፤ መድኃኒቱንም መዋጥ ተወች። አሁን ልጇን ታቅፋ እማማ ደብሪቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ያ ሁሉ ልፋት ምን ሊረባኝ ነው?» ነበር ያለቻቸው።

አሮጊቷ አላጽናኗትም። ታሪኩን ቀጠሉ።

የገበሬው መሬት ደህና መሬት ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከማሳው ግርጌ ስንጥቅ አየ፤ እግር አንስተው የሚሻገሩት፣ ጥጃ እንኳ የማይሰናከልበት ስንጥቅ። ማንንም አልጠራም። ከማሳው ራስ አፈር በቅርጫት ዝቆ ደፋበት፣ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገውና ወደ ቤቱ ገባ። በዚያ አገር ቦረቦር የገባበትን ሰው «አንድ ነገር አድርጎ ነው» ይሉታል። ስለዚህ ለሚስቱም አልነገራትም።

በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ ያንን ልቅ አፈር ጠርጎ ወሰደው፤ ከሥሩም ጨምሮ ወሰደ። ስንጥቁ ጉድጓድ ሆነ። ገበሬው አሁንም ከላይ ዝቆ ሞላው፣ አሁንም ሄደ። ታች ያለውን ሊሞላ ላይ ያለውን ሲገፍፍ ዓመታት አለፉ። እህል ይበቅልበት የነበረው የማሳው ራስ ሳስቶ ሳስቶ ድንጋዩ ገጠጠ። ቦረቦሩ ግን አንድም ዓመት ጠግቦ አላደረም።

ቅንጭቡን የተከለው ያን ጊዜ ነው። መንገደኛ እንዳያይበት ዙሪያውን አጠረው። ቅንጭብ ደግሞ ውሃ አጠጡኝ፣ ተንከባከቡኝ የማይል ተክል ነው፤ በጥቂት ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ጥቅጥቅ አለ። ገበሬው ወንፈል መውጣትም ተወ። የሰው ማሳ ካረመ ተራው ሲደርስ የሱን ሊያርሙለት ይመጣሉ፣ ከመጡ ያያሉ። ጎረቤቶቹ ይህን ከየት ይወቁት? «ጠግቧል» አሉና ተዉት።

ሚስቱ ግን የዚያው ቤት ሰው ናት፤ ደረሰችበት።

«ኧረ ሰው ጥራ፣ አንተ ሰውዬ! ይሄ የአንድ ሰው ሥራ ነው?»

«ሰው መጥቶ ምኔን ሊያይ? ገመናዬን?»

«ገመና ሰው ሲውጥ የት አይተህ ታውቃለህ? ይሄ እኮ ልጆቻችንን ሊውጥ ነው!»

አልሰማትም።

አንድ ክረምት በሬው ሣር እየተከተለ ሲሄድ ጠርዙ ተንዶ ይዞት ወረደ። ገበሬው ከላይ ቆሞ አየው። ብቻውን ሊያወጣው አይችልም፤ ሰው ቢጠራ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት የሸሸገው ይታያል። በሬው ጭጭ እስኪል ድረስ እዚያው ቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አፈር መዛቁን ተወ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። ቦረቦሩ የጓሮውን ግድግዳ ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው፤ እሱም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ግድግዳው የሚናድበትን ቀን ይጠብቅ ጀመር። መጠበቁ ራሱ ዕረፍት ሆነለት። እንዲያ ያለ ዕረፍት አለ፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከአረም የሚመለሱ ጎረቤቶቹ ከቅንጭቡ ማዶ እያወሩ ሲያልፉ ሰማቸው።

«በሬውን የት አደረሰው?»

«ሸጦት ይሆናላ። እሱ ምን ጎድሎበት!»

ሳቁና አለፉ። ገበሬው የሰማውን ደጋግሞ አሰበው። እዚህ ተቀምጦ ቤቱ ቢናድበት፣ አስከሬኑን እያወጡም «ምን ጎድሎበት» ሊሉ ነው። ይህን ያስተማራቸው ማንም አይደለም፤ በገዛ እጁ ተክሎ ያሳደገው አጥር ነው። ተነሣ፤ መጥረቢያውን ያዘና ቅንጭቡን መጨፍጨፍ ጀመረ።

የቅንጭብ ወተት እሳት ነው። ገና ጥቂት እንደቆረጠ ወተቱ ተፈናጥሮ ሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ገባ። መጥረቢያውን ጥሎ በጉልበቱ ወደቀ። ጠርዙ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋው። ወደ ፊት ቢል ወደ ኋላ ቢል ገደሉ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስንት ዓመት ከጉሮሮው ሥር የያዘው ጩኸት ወጣ።

«ኧረ የሰው ያለህ!»

ጎረቤቶቹ ገና አልራቁም ነበርና ሮጠው መጡ። ከጠርዙ ጎትተው አራቁት፣ ዓይኑን በውሃ እያጠቡለት ሳሉ በተቆረጠው ቅንጭብ መሐል አሻግረው ቦረቦሩን አዩ። 

«እኛ እኮ ወርቅ የቀበርክ መስሎን ነበር» አለ አንዱ። የሳቀ አልነበረም።

ከመሐላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ ቦረቦሩ አልወረዱም፤ ወደ ላይ ወጡ። የጎርፉን መንገድ በዓይናቸው ተከትለው ከግጦሹ፣ ከራሳቸውም ማሳ ድረስ ደረሱና ተመለሱ።

«ይሄ ውሃ ከኔም ዘንድ ነው የሚመጣው። አንተ ብቻህን ስትታገል የኖርከው ከሁላችንም ጎርፍ ጋር ነው» አሉት።

«ታዲያ ይሞላል፣ ጋሼ?» አለ፤ ዓይኑ ገና አልተገለጠም።

«አይሞላም። በእኔም በአንተም ዕድሜ አይሞላም። ውሃውን ግን ማዘግየት ይቻላል።»

ወንፈል ሆነው ድንጋይ አመጡለት። ከቦረቦሩ ራስ ጀምረው ወደ ታች በየርቀቱ በአግድሙ ዝቅ ዝቅ ያለ ክትር ሠሩ፤ ውሃውን የሚያግድ ሳይሆን ሩጫውን የሚያስተወው። በጠርዙ ሰንበሌጥ ሣር ተከሉ። ገበሬው ድንጋይ አቀበለ እንጂ ፊቱ አልፈካም።

ፊቱ አለመፍካቱም በከንቱ አልነበረም። ክረምቱ ሲገባ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ጣለና ከክትሮቹ ጥቂቱን ይዟቸው ሄደ። ገበሬው ይህን አይቶ ወደ ደጃፉ ተመለሰ፣ በቀድሞው ቦታው ተቀመጠ።

«አላልኳችሁም?» አላቸው ጎረቤቶቹ ሲመጡ።

ሽማግሌው እጁን ይዘው እየጎተቱ ከቆሙት ክትሮች አንዱ ዘንድ ወሰዱት። ከድንጋዩ ጀርባ እርጥብ አፈር ተኝቷል፤ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል።

«ይሄን ማን አመጣው?»

ገበሬው ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ነካውና፣ «ጎርፉ» አለ።

«እስከ ዛሬ ሲወስድብህ ብቻ ነበር የምታውቀው» አሉት ሽማግሌው። 

የፈረሰውን መልሰው ሠሩት። ቦረቦሩ ግን አልተዘጋም። ቤቱን ነቅለው ወደ ላይ አሸሹለት። ሚስቱ ተመለሰች፤ ልቧ ግን ከእሷ ዘግይቶ ነው የተመለሰው። የሞተው በሬ እንደሞተ ቀረ፣ የማሳው ራስም እንደ ቀድሞው እህል አልሰጠውም። ዛሬም ሰማይ ሲያጉረመርም ይፈራል። ብቻ አሁን ይወጣና ክትሮቹን እየዞረ ያያል፤ የወለቀ ድንጋይ ካየ፣ ትንሽ ሳለ፣ ይጣራል። ሲጠሩትም ይሄዳል።

እማማ ደብሪቱ ይህን ተናግረው ሲያበቁ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ ገበሬው አንቺ ነሽ። ቦረቦሩ ይሄ የያዘሽ ነገር ነው። መጀመሪያ ማንም ሳያይብሽ ልትሞዪው ፈለግሽ፤ ከእንቅልፍሽ እየዛቅሽ፣ ከጉልበትሽ እየዛቅሽ፣ ‹ደህና ነኝ› እያልሽ ደፋሽበት። ከዚያ መድኃኒቱ መጣ፣ እህትሽ መጣች፣ ጠዋት ጠዋት ልጅሽን ይዘሽ ፀሐይ ላይ መውጣት መጣ። እነዚህ ክትሮችሽ ናቸው። ሊሞሉት አልመጡም፤ ሊያዘገዩልሽ ነው። ዝናብ ጣለና ጥቂቱን ወሰደብሽ፤ አንቺ የቀሩትን በእጅሽ ነቅለሽ ቅንጭብ ልትተክዪ ነው የመጣሽው።»

ትርንጎ መሬት መሬት አየች።

«ዝናቡስ እማማ? ይቆማል?»

«አይቆምም። አልዋሽሽም።»

ልጁ ተነጫነጨ። ትርንጎ ወደ ደረቷ አስጠጋችውና በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ «እህቴን በክፉ ቃል ነው ያባረርኳት። ሐኪሙንስ ምን ብዬ አየዋለሁ? አቅም የለኝም» አለች።

«እሱ መች አቅም ነበረው? ዓይኑ እንኳ አያይም ነበር። ድንጋዩን የተሸከሙለት ሌሎች ናቸው። የሱ ድርሻ መጣራት ነበር፤ እሱንም ወድቆ ነው የተጣራው።»

እማማ ደብሪቱ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ልጁን ከእቅፏ ተቀበሏት።

«እህትሽ ቤት እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። ነገ ደግሞ ሐኪሙ ዘንድ፤ መድኃኒቱን እንደተውሽው ንገሪው፣ እሱ ያውቅበታል። ዛሬ ከደጇ ስንደርስ ግን የምትጣሪው አንቺ ነሽ።»

ትርንጎ ወዲያው አልተነሣችም። ደመናው ከብዷል። ቆይታ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች፤ ተነሣችና ከአሮጊቷ ኋላ ኋላ መንገድ ጀመረች።