ወላጅ አምጣ የተባለው የጅብ ልጅ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ልጆቻቸውን አንድ ትምህርት ቤት በሚልኩበት ዘመን፣ እመት ጅቢት የምትባል አፏ የማያርፍ እናት ነበረች። ልጇ ይበልጣል ገና አንደኛ ክፍል ሳለ «ዳኛ ነው የሚሆነው» ብላ ለመንደሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። መምህሩ አህያ ነበሩ፤ «በግቢው ውስጥ መምህር አይበላም» የሚል የአያ አንበሶ ትእዛዝ ባይኖር ኖሮ አንድ ቀንም አያድሩም ነበር።

አንድ ሰኞ ይበልጣል ጭራውን ቆልፎ መጣ።

«እማ፣ ወላጅ አምጣ ተባልኩ። ካላመጣሁ እባረራለሁ።»

«ምን አድርገህ?»

«የድመቷን ልጅ ምሳ በልቼ።»

«ሙሉውን? ለእናትህ እንኳ ሳታስተርፍ? ስግብግብ!»

ግን መባረሩ እንቅልፍ ነሳት። ዳኛ ይሆናል ያለችው ልጅ ከአንደኛ ክፍል ቢባረር ጎረቤት ምን ይላል? ሄዳ አህያ ፊት መሸማቀቁንም አልወደደችውም። ወደ ቀበሮ ቤት ሮጠች።

«እመት ቀበሮ፣ እባክሽ አክስቱ ነኝ ብለሽ ቅረቢልኝ።»

«ዶሮ ካለ አክስት ቀርቶ አያቱም እሆናለሁ።»

ጅቢት ዶሮዋን ሰጠቻት። ከዚያ ልጇን ጆሮውን ይዛ መከረችው፤ «ስትዋሽ ዓይንህን እንዳታርገበግብ!»

በማግስቱ ቀበሮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረሰች፤ ያያት ሁሉ ከለቅሶ ቤት የመጣች ይላል። ጅቢት ከአጥሩ ጀርባ ተደብቃ ጆሮዋን አቆመች።

«እናቱ ሞታብኝ እኔ ነኝ የማሳድገው፣ ጋሼ።»

«ነፍስ ይማር። ግን እህቴ፣ ሥርዓት ከቤት ነው የሚመጣው።»

«አይ ጋሼ! ታዲያ ትምህርት ቤት የላክነው ለምን ሆነና? ግብረገብ አስተማሪው እርስዎ!»

መምህሩ ጆሯቸው ቀጥ አለ። «እኔማ አስተምሬያለሁ! ይበልጣል፣ መዋሸት?»

«ነውር ነው!»

«የሰው ምሳ መብላት?»

«ነውር ነው!»

«አየሽ? በፈተና ከአሥር አሥር ነው ያገኘው። እስኪ ንገረኝ ልጄ፣ እናትህ በእውነት ሞታለች?»

ይበልጣል ዓይኑን ሳያርገበግብ እንባውን ዘረገፈው። «አዎ ጋሼ። በሁለት ቀን ሕመም!»

ጅቢትን ደስታው አላስችል አላት። መደበቋን ረስታ፣ እያሽካካች ከአጥሩ ጀርባ ብቅ አለች፤ «እሰይ የኔ አንበሳ! አቤት ሲያሳምረው!»

ቀበሮ ነጠላዋን ሰብስባ ውልቅ አለች። መምህሩ ሟቿን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ልጁ ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «እርስዎ ግን ከነገ ጀምሮ ከጎኑ ተቀምጠው ግብረገብ ይማራሉ።»

ጅቢት መባረር ከቀረለት ብላ እሺ አለች። በነጋታው ልጆቹን አግዳሚው ጫፍ ድረስ ገፍታ ተቀመጠች፤ «ነውር ነው!» ሲባል ድምፅዋ ከክፍሉ ሁሉ በለጠ። ደወሉ እንደተደወለ ግን እጇ የድመቷ ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ገባ።

«እማ፣ ነውር ነው አላልሽም እንዴ?»

«ዝም ብለህ ብላ! ደወል ተደውሏል እኮ፤ ግብረገብ አልቋል።»

መምህሩ ሁለቱንም ከግቢው አስወጥተው በሩን ዘጉ። «ወላጅ አምጡ!» አሏቸው። ጅቢትም መንደሩ ሁሉ እያየ ሌላ ዶሮ ይዛ ወደ ቀበሮ ቤት ገሰገሰች፤ እናት ልትከራይ።

ከዚህ የምንማረው መምህር ግብረገብን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምሮ ቢጽፈውም፣ ልጅ ግን ለፈተና እሱን ሸምድዶ ለኑሮው እቤቱ ያየውን እንደሚይዝ ነው።