በተዘጋ ቤት የተጠፈረ አልጋ

አንድ ወጣት አባት ሚስቱ ሞታበታለች። ይታይሽ ትባል ነበር። የአምስት ዓመት ልጃቸውን ብርቄን ትታለት ሄደች።

ይታይሽ ስታገባ ከእናቷ ቤት ያመጣችው አንድ የጠፍር አልጋ ነበራት። እግሩና አግዳሚው ዋንዛ ነው፤ መኝታው በቀጭኑ እየተቀደደ ከተወጠረ የበሬ ቆዳ የተሠራ። ከዓመታት በኋላ ጠፍሩ እየተበጣጠሰ አለቀ። ያኔ እሷም ታማ ነበር።

"እንጨቱ እኮ ምንም አልሆነም። ጠፍሩን ብቻ ብንቀይረውስ? አንተ አትሞክረውም?" አለችው።

"እኔ የት አውቄ?" አላት። "ደግሞ አሮጌ ዕቃ ስንጠጋግን ሰው ምን ይለናል? ትንሽ ታገሺኝ፣ አዲስ እንገዛለን።"

አልጋውን ወስዶ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳ አስደገፈው። ለእሷ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈላት። አራት ወር እዚያ ተኛች። አዲሱ አልጋ ሳይገዛ ሞተች።

የገደላት ሕመሟ እንጂ መሬቱ አይደለም። ይህን ያውቃል። ክረምቱን ሙሉ የሲሚንቶው ወለል ብርድ ወገቧ ውስጥ እንደገባም ያውቃል። ከዚህ የባሰ የሚያውቀው ነገርም ነበር። አልጋ መጥፈር ይችላል። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበሩ፤ ቆዳ ሲያለፉ፣ አልጋ ሲጠፍሩ አጠገባቸው ሆኖ ነው ያደገው። በተወለደበት አገር ቆዳ የሚፍቅ ሰው ሥራው ይፈለጋል፣ እሱ ራሱ ግን ከማዕድ ይገለላል። ስለዚህ ከተማ ሲገባ የአባቱን ሙያ ደበቀ። ለሚስቱ እንኳ "አባቴ ገበሬ ነበሩ" ብሎ ነው የነገራት።

ከቀብሩ በኋላ ብርቄ እናቷ በተኛችበት ፍራሽ ላይ ትተኛ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ጠዋት መሳል አመጣች። አባትየው ሳሉን በሰማ ቁጥር ወደ ፍራሹ ያያል። እናቷን መሬት ላይ እንዳስቀራት ልጅቱንም ሊያስቀራት ነው። አንድ ጠዋት ተነሥቶ አልጋውን ወደ ቤት አስገባና በሩን ዘጋ።

የተላላጠውን ቀለም በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ አነሣ። የላላውን መጋጠሚያ በምስማር ፈንታ በእንጨት ሽብልቅ አጠበቀ። እንጨቱን በኑግ ዘይት ውስጥ በቀለጠ ሰም አሸው። ቆዳ ገዝቶ ቀደደ፣ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ ከዳር እስከ ዳር እየሳበ ጠፈረ። እጁ ምንም አልረሳም።

በአምስተኛው ቀን ቤቱ ገማ። የአልጋውን መሐል በመዳፉ ቢጫነው ሰመጠ። ጠፍር እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ሲደርቅ ነው የሚጠብቀው። ሲደርቅ ደግሞ ጥላና ነፋስ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ የታፈነ ቤት ያበሰብሰዋል። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም በሩን የዘጋው። ሰው እንዳያየው ነው።

ጎረቤቱ እትዬ ዘርፌ በሩን አንኳኩ።

"የብርቄ አባት፣ በግ አርደህ ደበቅከን እንዴ? ሽታው እኛ ቤት ገባ እኮ።"

"አይ እትዬ፣ አልጋ እያደስኩ ነው።"

"ታዲያ አልጋ ምን አጠፋና ይታሰራል? አውጣውና ነፋስ ይንካው።"

ሰውየው ደጁ ላይ ቆሞ አመነታ። ከኋላው ብርቄ ሳለች። አልጋውን አወጣው።

ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ የበሰበሰውን ፈታ። ያልተበላሸውን ጠፍር አጥቦ ለየ፣ የጎደለውን በሌላ ቆዳ ሞልቶ እንደገና መጥፈር ጀመረ። የግቢው ተከራዮች ወጥተው ከበቡት። ከእነሱ አንዱ ጋሽ ማንደፍሮ የጠፍሩን ጫፍ ይዘውለት እጁን እጁን ያያሉ።

"ይሄ እኮ የለመደ እጅ ነው። የት ተማርከው?" አሉት።

"ስልክ ላይ አይቼ ነው" የሚለው መልስ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

"ከአባቴ ነው። ቆዳ ፋቂ ነበሩ።"

ጋሽ ማንደፍሮ የያዙትን ጫፍ ቀስ ብለው ለቀቁት። "ለካ እንዲህ ነው" ብለው እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉና ወደ ቤታቸው ገቡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። እትዬ ዘርፌ ቀሩ።

"ይታይሽ ታውቅ ነበር?" አሉት።

"አታውቅም።"

"እኔን እኮ 'ወገቤን መሬቱ ጨረሰው፣ አልጋ የሚጠፍር ሰው ይፈልጉልኝ' ብላኝ ነበር። ስንት ሰፈር ዞሬ አጣሁላት። ሰውየው ለካ እዚሁ፣ አጠገቧ ኖሯል።"

አንገቱን ደፋ። እትዬ ዘርፌም አላጽናኑትም። ወደ አንዷ ጠፍር እያመለከቱ፣ "ይቺኛዋ ላልታለች፤ ጠበቅ አድርጋት። ልጅ ነው የሚተኛበት" አሉት። ጋሽ ማንደፍሮ የለቀቁትን ጫፍም አንሥተው ያዙለት።

ሥራው ያን ዕለት አለቀ። ምን ፈጀ? ጥቂት ሰም፣ ትንሽ ዘይት፣ ቆዳና የሰው እጅ። አዲስ ዛፍ አልተቆረጠም፤ ከበሰበሰው ጠፍር በቀር የሚጣል ነገርም አልተረፈም። ይህ ሁሉ ይታይሽ በሕይወት ሳለችም ይቻል ነበር።

በየጓሮው የምንጥለው ዕቃ ሁሉ ያረጀ አይደለም። አንዳንዱን የምንጥለው ስንጠግነው መታየት ስለምናፍር ነው። ያ ሰው በአባቱ እጅ ሥራ ሲያፍር ኖሮ በራሱ ማፈር የጀመረው ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ነው። ማፈር ከሚገባን ነገር ቀድመን በማይገባን ስናፍር ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ እኛን አምኖ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንተስ፣ አንቺስ፣ አፍራችሁ የደበቃችሁት ሙያ ማንን መሬት ላይ አስተኝቶ ይሆን?

ጠፍሩ እስኪደርቅ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። ሰውየው ያን ዕለት በመጨረሻ ያደረገው ይህን ነው፤ ብርቄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የአያቷን ስም፣ ምን ይሠሩ እንደነበርም ነገራት።