ኑግ ዘይት የጠጣችው ሸክላ ማጫወቻ

ተረት ተረት። «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዚህ በረት የታሰረችው ላም ሳትሆን የኔው እፍረት ናት። ሰው በሰው ላይ ሲተርት ያምርበታል፣ በራሱ ላይ ሲተርት ግን ይደናቀፋልና ስደናቀፍ ታገሡኝ። አበጋዝ እባላለሁ። ደሴ ከተማ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የዋሸ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቆም የማደርግ መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለጉ። አንድ ጭብጨባ መስማት። ባላቸው አቶ ይመር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጉብዝናቸው አዲስ አበባ ወርደው አንድ ዘፋኝ ሸክላ ሲያስቀርጽ ከአጨብጫቢዎቹ ጋር ቆመው አጨብጭበው ነበር። ከአቶ ይመር የቀረ ድምፅ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። የእትዬ ደብሪቱ ግራ ጆሮ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቀኙንም ሐኪሙ ክረምቱን አይሻገርም ብሏቸዋል። «ይመርን አንድ ጊዜ ልስማውና ከዚያ ይዘጋ» አሉኝ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የእትዬ ደብሪቱ ሸክላ ማጫወቻ አልሞተችም ነበር። ክዳን ያላት የእንጨት ሣጥን ናት፣ ሸክላውን ትንሽ እየጎተተች ትዘፍን ነበር። እትዬ ደብሪቱም ይበቃኛል፣ ቢጎተትም የሱ እጅ ነው ብለው ነበር። እኔ ነኝ በአሮጌ ዕቃ እንዲህ አይቀለድም፣ ወስጄ ሰርቪስ አደርጋታለሁ ያልኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወቴ ፈትቼ የገጠምኩት የእጅ ባትሪ ብቻ ነበር።

ቤቴ ወስጄ ፈታኋት። ሸክላው ከሚቀመጥበት ሳህን ሥር የብርቱካን ክብ ቁራጭ የምታህል አንዲት ጎማ አገኘሁ። ከሞተሩ ዙሩን እየተቀበለች ሳህኑን የምትገፋው እሷ ናት። የሚዞር ነገር ሁሉ ዘይት ይወዳል ብዬ ከባለቤቴ ጓዳ የኑግ ዘይት አመጣሁ። ለብረቱም ሰጠሁ፣ ለዘንጉም ሰጠሁ። ጎማዋ ደርቃ ስላሳዘነችኝ እሷን አብዝቼ ቀባኋት። ከዚያ ገጠምኩና አስነሣኋት። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ሳህኑ ቁጭ አለ።

ጎማዋ ሳህኑን አልገፋ አለች፤ ሳህኑ ሸክላውን አላዞር አለ፤ ሸክላው መርፌውን አላዘፍን አለ፤ መርፌው ጭብጨባውን አላወጣ አለ። እትዬ ደብሪቱ በአጥር ማዶ ቀኝ ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ።

ጎማዋን በጨርቅ ጠረግኋት። ዘይቱ ከጨርቁ ወደ ጣቴ፣ ከጣቴ መልሶ ወደ ጎማዋ ሄደ። በሳሙና አጠብኳት፣ ውሃው ላይዋ ላይ እየተንከባለለ ወረደ። ደጅ ላይ ፀሐይ አሞቅኋት፣ ይኼኔ ኑጉ እንደ ሙጫ ያዘ። ባለቤቴ መጥታ አየችና የዘይት ጠርሙሷን አንሥታ ሄደች። ያን ጊዜ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ዘይቱ ጎማዋን አልለቅ አለ፤ ጎማዋ ሳህኑን አልገፋ አለች፤ ሳህኑ ሸክላውን አላዞር አለ፤ ሸክላው መርፌውን አላዘፍን አለ፤ መርፌው ጭብጨባውን አላወጣ አለ። በሳምንቱ እትዬ ደብሪቱ በአጥሩ ብቅ ብለው ልጅቱ እንዴት ሆነች አሉኝ። ልጅቱ የሚሏት ማጫወቻዋን ነው።

«አርጅታለች፣ እትዬ» አልኳቸው። «አንዲት ዕቃ ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ።»

ያዘዝኩት ዕቃ የለም። አረጀች ያልኳትም ሳመጣት ትዘፍን የነበረችዋን ነው። እሳቸው ግን አብሽር፣ አትቸኩል ብለው መረቁኝ። ያ ምርቃት እስከ ማታ ድረስ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ።

አራዳ ላይ ጋሽ ሙሄ የሚባሉ ሰዓት ሠሪ አሉ። መሳቢያቸው ውስጥ አንዲት የአልኮል ብልቃጥ አለች፣ የጨቀየ የሰዓት ጥርስ ሁሉ በእሷ ነው የሚጸዳው። ጎማዋን በወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩና ትንሽ አልኮል ስጡኝ አልኩ። ምን ነካት ብለው ጠየቁኝ። አቧራ ነው አልኩ። ጋሽ ሙሄ ጎማዋን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ቆየት ብለውም አነጥሰው መለሱልኝ።

«ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ የይመር ናት» አሉ። «ሲሞት አደራ ብሎኛል። ይቺ ምን እንደደረሰባት ደብሪቱ አውቃ ሥራ ካላለችኝ ጠብታ አልሰጥህም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፣ መምህር።»

ጋሽ ሙሄ ብልቃጡን አልሰጥ አሉ፤ ብልቃጡ ዘይቱን አላስለቅቅ አለ፤ ዘይቱ ጎማዋን አልለቅ አለ፤ ጎማዋ ሳህኑን አልገፋ አለች፤ ሳህኑ ሸክላውን አላዞር አለ፤ ሸክላው መርፌውን አላዘፍን አለ፤ መርፌው ጭብጨባውን አላወጣ አለ። እኔም ጎማዬን በወረቀቷ ጠቅልዬ፣ ሰው እንዳያየኝ በታችኛው መንገድ ተመለስኩ።

አልኮል ሌላ ቦታ አይገኝም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይገኛል። እኔም ፋርማሲው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ግን አደራ የምትለው ቃል እግሬን ያዘችው። ጋሽ ሙሄ አደራቸውን ሃያ ዓመት ሲጠብቁ እኔ የተሰጠኝን አደራ በአንድ ከሰዓት በኑግ አጥቤዋለሁ። ከፋርማሲው በር ተመለስኩ።

ለእትዬ ደብሪቱ ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። ከበራቸው ስደርስ ዝናቡ ዘገየ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ሄድኩና አጥሩን የሠራው ማን ነው፣ ጥሩ እጅ አለው ብዬ ወጣሁ። አጥሩን የሠሩት አቶ ይመር ነበሩ።

ምላሴ እውነቱን አልናገር አለ፤ የእትዬ ደብሪቱ ቃል ጋሽ ሙሄ ዘንድ አልደርስ አለ፤ ጋሽ ሙሄ ብልቃጡን አልሰጥ አሉ፤ ብልቃጡ ዘይቱን አላስለቅቅ አለ፤ ዘይቱ ጎማዋን አልለቅ አለ፤ ጎማዋ ሳህኑን አልገፋ አለች፤ ሳህኑ ሸክላውን አላዞር አለ፤ ሸክላው መርፌውን አላዘፍን አለ፤ መርፌው ጭብጨባውን አላወጣ አለ።

በሦስተኛው ቀን ያደረግኩትን ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ተረቱ ያለሱ አይቀጥልም። እትዬ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። በግራቸው በኩል ተቀመጥኩ። የግራ ጆሯቸው የተዘጋ መሆኑን አውቃለሁ። በዚያው በኩል ጎንበስ ብዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት፣ የኑግ ዘይት ቀብቻት ነው አልኩ። በሹክሹክታ ነው ያልኩት። እሳቸው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። እኔም እንግዲህ ነግሬያለሁ፣ ካልሰሙ ምን ላድርግ ብዬ ቀለል ብሎኝ ተነሣሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ ቢያደርግ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ አስቆመው ነበር።

ለምን ጮክ ብዬ አልነገርኳቸውም? ጮክ ካልኩ ሰፈሩ ይሰማል። ግራ ቀኙ ጎረቤት ነው፣ ማዶ ሱቅ አለ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ የልጆች አባት ሆነው በመንገዱ ይመላለሳሉ። መምህር አበጋዝ ምን ይሉኛል? አንቆ የያዘኝ ይኸው ነው።

ይሉኝታ ምላሴን አልለቅ አለ፤ ምላሴ እውነቱን አልናገር አለ፤ የእትዬ ደብሪቱ ቃል ጋሽ ሙሄ ዘንድ አልደርስ አለ፤ ጋሽ ሙሄ ብልቃጡን አልሰጥ አሉ፤ ብልቃጡ ዘይቱን አላስለቅቅ አለ፤ ዘይቱ ጎማዋን አልለቅ አለ፤ ጎማዋ ሳህኑን አልገፋ አለች፤ ሳህኑ ሸክላውን አላዞር አለ፤ ሸክላው መርፌውን አላዘፍን አለ፤ መርፌው ጭብጨባውን አላወጣ አለ። በዚህ መሐል ሦስት ሳምንት አለፈ። የበሩ መንኳኳት ለእትዬ ደብሪቱ መሰማቱን አቆመ። ቀኝ ጆሮም ጊዜውን አይጠብቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ደብሪቱ ራሳቸው ወደ ቤቴ መጡ። በነጠላቸው የጠቀለሉትን አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሸክላው ነበር።

«ዕቃዋ ከአዲስ አበባ አልመጣም፣ አይደል?» አሉ። «ግድ የለም፣ እሷም አርጅታ ነው። እኔ ከእንግዲህ አልሰማም፣ ይህን ውሰደው። ብዙ ደከምክልኝ፣ ጆሮ ያለው ሰው ይስማው።»

የአቶ ይመርን እጅ፣ ለድካሜ፣ ለእኔ። እስከዚያች ቀን ድረስ ያፈርኩት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሰው ባይኖርም የማፍርበት ነገር መጣ። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ በቀኛቸው በኩል ሄድኩ። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ስናገር አልሰሙኝም፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ አሁንም አልሰሙኝም። በመጨረሻ መቶ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሰው ጮኽኩ።

«አላረጀችም! እኔ ነኝ ያበላሸኋት! የኑግ ዘይት ቀብቻት ነው! ያዘዝኩት ዕቃ የለም፣ ዋሽቼዎታለሁ!»

ከአጥሩ ማዶ የመጥረጊያ ድምፅ ነበር፣ እሱም ቆመ። ከሱቁ ደጃፍ የነበረው ወሬም ቆመ። እትዬ ደብሪቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጎማዋንም ቀባሃት?» አሉ።

አዎን አልኩ፣ አሁንም በጩኸት።

«ፀጉር መሰለችህ?»

ነጠላቸውን አጣፉና ሸክላውን ከጠረጴዛው ላይ መልሰው አነሡት። ከዚያ ልጅቱን ተሸከማት፣ ሙሄ ዘንድ እንሂድ አሉኝ። ሣጥኗን ታቅፌ በላይኛው መንገድ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከኋላቸው ሄድኩ። ባለሱቁ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ በአክብሮት እጅ ነሣኝና፣ መምህር፣ ዘይት ገብቷል አለኝ። ይገባኛል ብዬ ሣጥኗን እንደታቀፍኩ አለፍኩ።

ጋሽ ሙሄ የእትዬ ደብሪቱን ቃል ሰምተው መሳቢያቸውን ከፈቱ። ብልቃጧንና ጥጥ ሰጡኝ፣ ራሳቸው ግን ጎማዋን አልነኩም፤ የቀባ እጅ ይጥረግ አሉ። ጎማዋን ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጠረግኋት፣ ጠርዟን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ዳበስ አደረግሁላት። ዘንጉ ላይ የተጋገረውንም ኑግ አስለቀቅኩ። ከዚያ ጋሽ ሙሄ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የሰዓት ዘይት ለዘንጉ ብቻ ሰጡ። ጎማ ዘይት አይጠጣም፣ ይህን ደብተርህ ላይ ጻፈው ሲሉኝ እውነትም ጻፍኩት።

ትልቁ እፍረት ይሉኝታን አባረረ፤ ይሉኝታ ምላሴን ለቀቀ፤ ምላሴ እውነቱን ተናገረ፤ የእትዬ ደብሪቱ ቃል ጋሽ ሙሄ ዘንድ ደረሰ፤ ጋሽ ሙሄ ብልቃጡን ሰጡ፤ ብልቃጡ ዘይቱን አስለቀቀ፤ ዘይቱ ጎማዋን ለቀቀ፤ ጎማዋ ሳህኑን ገፋች፤ ሳህኑ ሸክላውን አዞረ፤ ሸክላው መርፌውን አዘፈነ። እትዬ ደብሪቱ ቀኝ ጆሯቸውን ከድምፅ ማውጫው ወንፊት ጋር አጣበቁ። ዘፋኙ ዘፈነ፣ አጨብጫቢዎቹ አጨበጨቡ። ሸክላው አልተጎተተም።

ከዘፈኑ መሐል ሁሉም እጆች አንድ ላይ ዝም ያሉበት ቦታ አለ። እዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዲት ጭብጨባ ብቻዋን፣ ያለቦታዋ፣ ጧ አለች። እትዬ ደብሪቱ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«እሱ ነው» አሉ። «ተሳስቶ። የዚያን ጊዜ ከአውቶብስ ወርዶ፣ ሻንጣውን መሬት ሳያስቀምጥ ነው 'ደብሪቱ፣ የሰውን ዘፈን አበላሽቼ መጣሁ' ያለኝ። እሺ ያልኩት በዚያ ነው፣ አገባሃለሁ ያልኩት።»

ጋሽ ሙሄ አቀርቅረው ሰዓታቸውን መፍታት ቀጠሉ። እኔ የማየው ቦታ ጠፍቶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እትዬ ደብሪቱ ግን እጄን ጎትተው መለሱኝ።

«አንተ ሦስት ሳምንት ፈጀብህ» አሉኝ። «በል አሁን መርፌውን መልሰው። ከመሐሉ።»

መለስኩት። ሰባት ጊዜ መለስኩት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱን ተዉት፣ እጄን በጋሽ ሙሄ አልኮል አብሱ።